ያልተረገጠችው የስፌት መኪና

ሰኔ 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጢኒጥ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሰላምታውን ዘልዬ መጀመሪያ ያነበብኩት መጨረሻውን ነው። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ድምፅሽን አጥፍተሽ ስትከርሚ ዋናውን ወሬ ከታች እንደምትደብቂው አውቃለሁ። እንደፈራሁትም ሆነ፤ ሁለተኛውም ፅንስ አልቆየልሽም። አይዞሽ ልልሽ ብዕር ሳነሣ፣ ይቺ ቃል ለኔ በተራዬ ስትባል ምንም እንዳልጠቀመችኝ ትዝ አለኝና ተውኳት። አልቅሺ። ሲበቃሽ ደግሞ ብዪና ተኚ። ባልሽ ሹፌሩ ፈቃድ ወስዶ አጠገብሽ መዋሉን ወደድኩለት። እስከዛሬ እሱን ሰውዬ በዓይነ ቁራኛ ነበር የማየው፤ ከአሁን ወዲያ ግን ወድጄዋለሁ፣ ንገሪው።

«ሳልነግርሽ በመቆየቴ ይቅርታ» ያልሽውን አልቀበልም። እኔም በጊዜዬ ለአባትሽ ሳልነግረው ነበር የምከርመው። በኛ ቤት ክፉ ወሬ በእግሩ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ቤት በዋልሽበት እጅሽ ሥራ እንዳይፈታ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዬን ልላክልሽ? አልልክም። ንፉግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። መቀሴን እንኳ፣ ያንን ማንም እንዳይነካው የምጮህበትን፣ ውሰጂ ብትዪኝ እሰጥሻለሁ። ያቺ መኪና ግን ከመጋረጃው ጀርባ እንደተሸፈነች ትቀመጥ። ያደረገችኝን ታውቂያለሽ። ጎረቤቱ ሾተላይ ነው አለ፣ አማቴ የዕድሏ ነገር ነው አሉ፣ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ፤ ሦስቱም ፅንሶች ሲወርዱብኝ ስረግጣት ነው የዋልኩት። ከሦስተኛው በኋላ ጨርቅ አለበስኳትና ይኸው በእጅ መኪና እያዞርኩ እሰፋለሁ። በሱቄም ሕግ አወጣሁ፤ ያረገዘች ሴት መርገጫ ላይ እግሯን አታሳርፍም። አሁን ቀጭኗ ሰፊዬ አርግዛ ከመኪናዋ አስነሥቻት የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ ትውላለች። ስታጉረመርም ብትሰሚያት!

ባሌ፣ ጋሼሽ፣ ሳይክል መጠገኛው ጋ ጎማ ሲነፋ ቆይቶ አሁን ገባ፣ ሰላም በይልኝ ይላል። እሱ እስካሁን «መኪናዋ ምን አጠፋች?» እንዳለኝ ነው። ወንድ ምን ያውቃል! ብልክልሽስ ምን ትሠሪባታለሽ? መርገጫውን ከጎማዋ የሚያያይዘው ቺንጋ ይሄኔ በስብሶ አልቋል።

አክስትሽ


ሐምሌ 1

ለእቴቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ በልቼ ተኛሁ። ትእዛዝሽን በቅደም ተከተል ፈጽሜያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ወድጄዋለሁ» ያልሽባትን መስመር ቆርጦ መኪናው ውስጥ ከመስተዋቱ በላይ ለጥፏታል። ተሳፋሪ ሁሉ እያነበበ «ማናት?» ይለዋል አሉ።

እቴቴ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። እኔ በሕይወቴ የስፌት መኪና ረግጬ አላውቅም። ሥራዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም አልቆዩም። ስለዚህ እዚያው የምሠራበት ላቦራቶሪ ደሜን ሰጠሁ።

ሠርጌ ላይ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ስታዪ የምትውዪው ምንድን ነው?» ብለሽኝ ሙሽራ ነኝ ብዬ ያመለጥኩሽን አሁን ልመልስልሽ። በሰው ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክር የሚመስሉ ነገሮች አሉ። አርባ ስድስት ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሃያ ሦስት። ከየጥንዱ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። ቁመታችን፣ መልካችን፣ ያ በግራ ጉንጫችን ያለው ስርጉድ ሳይቀር መነሻው እነሱ ላይ ነው። ሰውነት ሲያድግ ወይም ቁስል ሲሽር፣ ሕዋሱ አርባ ስድስቱንም ገልብጦ ለሁለት ይከፈላል፣ ለሁለቱም ሙሉ ይደርሳቸዋል። እንቁላል ሲሠራ ግን ከየጥንዱ አንድ ብቻ ነው የሚገባው። ግማሹ ከኔ፣ ግማሹ ከባለቤቴ ይሆንና ሲገናኙ እንደገና ሙሉ ይሆናል።

የኔን ያየችልኝ «ንስር» የምንላት ባልደረባዬ ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። በስሜ ስትጠራኝ ጊዜ ክፉ ወሬ እንደሆነ አወቅሁ፣ ሌላ ቀን በቅጽል ስም ነው የምትጠራኝ። ከክሮሞሶሞቼ አንድ ረጅሙና አንድ አጭሩ ጫፋቸውን ተለዋውጠዋል። የረጅሙ ጫፍ ከአጭሩ ጋር፣ የአጭሩ ከረጅሙ ጋር ተቀጥሏል። የጠፋ ነገር ስለሌለ እኔ ደህና ነኝ። ጣጣው የሚመጣው ሲካፈል ነው። እንቁላሉ አንዱን የተለዋወጠ፣ አንዱን ያልተለዋወጠ ከወሰደ፣ አንድ ነገር ይጎድልበታል፣ ሌላው ይደገምበታል። እንዲህ ያለ ፅንስ ብዙውን ጊዜ አይቆይም።

የእማዬን ደም አየን፣ የሷ ሁሉም በቦታው ነው። ስለዚህ ወይ ከኔው የጀመረ ነው፣ ወይ ከአባዬ የመጣ። አባዬን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደም ልንጠይቀው አንችልም። ከሱ ወገን የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ደምሽን ብትሰጪን ምን ይመስልሻል?

አትቆጪኝ ብዬሻለሁ።

ጢኒጥሽ


ሐምሌ 20

ለጢኒጥ፣

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል። አንቺ ደግሞ ምጥ ደርሶባት ለማታውቅ አክስትሽ አስተማሪ ሆነሽ መጣሽ። ይሁን፣ ተማርኩ። ሁለቴ አንብቤው አልገባ ሲለኝ ጋዜጣ አመጣሁና በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ቀደድኩት። ሁለት የኮት እጅጌ፣ ሁለት የሱሪ እግር። ከዚያ የአንደኛውን እጅጌ ጫፍ ቆርጬ ከአንደኛው ሱሪ እግር ጋር፣ የሱሪውን ጫፍ ደግሞ ከእጅጌው ጋር በስፒል አያያዝኩ። ጠረጴዛው ላይ የጎደለ ጨርቅ የለም፤ አንቺ ማለት ያ ነሽ። አሁን ላካፍል ስነሣ፣ ከእጅጌ አንድ ከሱሪ አንድ እየወሰድኩ፣ ሁለቱንም ደህናዎቹን ስወስድ ሙሉ ነው። ሁለቱንም የተቀያየሩትን ስወስድ መልኩ ያስቃል እንጂ ጨርቁ ሙሉ ነው። ደህና እጅጌና የተቀያየረ ሱሪ ስወስድ ግን የእጅጌው ጫፍ ሁለት ሆነ፣ የሱሪው ጫፍ የለም። እዚያው ቆሜ «ወይ ልጄ!» አልኩ።

ጋሼሽ ገብቶ ጠረጴዛዬን አየና «ይሄን ሱሪ የሚለብሰው ሰውዬ እግሩን እንዴት ነው የሚጨብጠው?» አለኝ። አስረዳሁት። አዳመጠኝና ወደ ሳይክሎቹ ወጣ።

ደሜን ግን አልሰጥም። ስድሳ አልፎኛል፣ አልወልድበት። ደግሞ የሞተ ወንድሜ ላይ ነገር መፈለግ ደግ አይመስለኝም።

ይሄን ጽፌ አጥፌ ልልከው ነበር፣ ተመልሼ ከፈትኩት። እውነቱ ሌላ ነው፤ ፈርቼ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት መኪናዋን ስጠላ ኖሬ፣ አሁን ደሜ ውስጥ ነው ብትዪኝ፣ ማንን ጨርቅ ላለብስ ነው?

በዚህ አትቀየሚኝ። አንድ ቀሚስ ልሰፋልሽ እፈልጋለሁ፣ ልክሽን ላኪልኝ። የሠርግሽ ጊዜ ልክ እንደሆነ እኔ ጋ አለ፤ ግን ሰው ይለዋወጣል።

አክስትሽ


ኅዳር 20

ለእቴቴ፣

ይሄን ያህል ወር መጥፋቴ በቅያሜ አይደለም። ሥራ በዛብኝ ብልሽ አታምኚኝም፣ ስለዚህ ሰበብ አላመጣም። ደም ስለጠየቅሁሽ ግን እኔ ነኝ ይቅርታ የምልሽ። ለራሴ ጭንቀት ስሮጥ ያንቺን ቁስል መንካቴ አልታወቀኝም። ጥያቄውን እንዳልጠየቅሁሽ ቁጠሪው። አንድ ቃል ብቻ ፍቀጂልኝ፤ ደም ውስጥ ያለ ነገር ጥፋት አይባልም። ማንም መርጦ አልወሰደውም።

አንቺ ስለ ጋዜጣው ሱሪ የጻፍሽውን ለንስር አነበብኩላት። ከሳቋ ብዛት መነጽሯ ተንሸራቶ ወደቀ። አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እሷ ራሷ ጋዜጣ እየቀደደች ነው የምታስረዳው።

ሥራችንን ብታዪ ትወጂው ነበር። ደሙን ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ እናቆየዋለን፣ ሕዋሶቹ መከፈል ሲጀምሩ መድኃኒት ጠብ አድርገን መሐል መንገድ ላይ እናቆማቸዋለን። ክሮሞሶም ደህና አድርጎ የሚታየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ ተጠቅልሎ፣ ወፍሮ፣ ጉዞ እንደተነሣ ሰው ዕቃውን ሸክፎ። ሌላ ጊዜ እንደተተረተረ ክር ነው፣ ጫፉን አታገኚውም። ከዚያ ጠብታውን ከፍ አድርገን መስታወት ላይ እንጥለዋለን፣ ሲያርፍ ይበተናል፣ ቀለም ነክረን ፎቶ እናነሣለን። የቀረው እያንዳንዱን ከጥንዱ ጋር ማገናኘት ነው።

ልኬ በሌላ ወረቀት ተያይዟል። ቀሚሱን ሰፋ አድርገሽ ብትሠሪው ደስ ይለኛል፤ ዘንድሮ ሰፊ ቀሚስ ነው የሚለበሰው ይላሉ። ሌላ የምነግርሽ ወሬ የለኝም።

ጢኒጥሽ


ታኅሣሥ 8

ለጢኒጥ፣

ወሬ የለኝም ትይኛለሽ? ሰው ይዋሻል፣ ሜትር አይዋሽም። ትከሻሽ የሠርግሽ ጊዜው ነው፣ ክንድሽ ያው ነው፣ ወገብሽና ደረትሽ ብቻ ተነጥለው ሰፍተዋል። ዳቦ የበላ ሰው እንዲህ አይሰፋም። ይሄን ሁሉ ዘመን የሴት ልክ ስይዝ የኖርኩትን ሴትዮ «ዘንድሮ ሰፊ ነው የሚለበሰው» ብለሽ ልታታልይኝ! ወረቀቱን እንደያዝኩ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ምንም አልጠይቅሽም። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ቀሚሱን ግን በየጎኑ ብዙ ትርፍ ትቼ ሰፍቼዋለሁ፣ በየወሩ አንድ አንድ ስፌት እየተረተርሽ ታሰፊዋለሽ። እስከ መጨረሻው እንዲያደርስሽ አድርጌ ነው የቀደድኩት፤ መጨረሻው ይደርሳል ብዬ ነው።

አሁን የኔን ስሚ። ቀጭኗ ሰፊዬ ወለደች። ከመውለዷ በፊት ነው ጉዱ፤ አንድ ቀን ክር ልገዛ ወጥቼ ገንዘቤን ረስቼ ብመለስ፣ ካስነሣኋት የራሷ መኪና ላይ ቁጭ ብላ ዘፈን እያንጎራጎረች ትረግጣለች። ክው አልኩ። ለካ እኔ በወጣሁ ቁጥር ስትረግጥ ነው የከረመችው! ጮህኩባት፣ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ልጁን እስክታይ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጁ መጣ። ጉንጩ እዚህ ድረስ! እሱን አቅፌ ስመለስ፣ መኪናዋን ያለ ጥፋቷ ነው ወይ የምወቅሳት የሚል ጥርጣሬ ገባኝ። ጋሼሽን «ነገ ጤና ጣቢያ ውሰደኝ» አልኩት።

ነርሷ «እጅዎን ጠበቅ አርገው ይጨብጡ፣ እማማ» አለችኝ። «ማንን ልመታልሽ ነው?» አልኳት። እሷን ሳቅ ያዛትና ደም ሥሬን ሳተችው። «ልጄ፣ እኔ ሱቅ ብትሆኚ ገና ጨርቅ አላስነካሽም ነበር» ብያት በሁለተኛው አገኘችው። እኔ ደህና ነኝ፣ የወደቀው ጋሼሽ ነው። ደሜ ቱቦ ውስጥ ሲገባ አይቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ውኃ ያጠጡት እሱን ነው። ሐኪሙ አንቺ መሥሪያ ቤት እንደሚልከው ነግሮኛል። ያው እንግዲህ የጠየቅሽኝ ደም እየመጣልሽ ነው።

ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን የኔም እንዳንቺ ከሆነ፣ ቢያንስ ለብቻሽ አይደለሽም።

አክስትሽ


ጥር 20

ለእቴቴ፣

ቀሚሱ ደረሰኝ፣ ሁለተኛውን ስፌት ተርትሬዋለሁ። አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሁለቴ ነግሬሽ ሁለቴ ስላስለቀስኩሽ፣ በሦስተኛው ደህናውን ወሬ ብቻ ይዤ ልምጣ ብዬ ነው። አሁን ይዤ መጥቻለሁ።

ሐኪሟ በቀጭን መርፌ ልጁ ከሚዋኝበት ውኃ ቀዳችልኝ። በዚያ ውኃ ውስጥ የልጁ ሕዋሶች አሉ። ውጤቱን ሳሎናችን ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱን አውርደን ነው የጠበቅነው፣ ባለቤቴ ድምፁን አልቻለውም። ንስር ስትደውል «ጢኒጥ!» ብላ ጀመረች። በቅጽል ስሜ! ገና ወሬውን ሳልሰማ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጁ ሁለቱንም የተቀያየሩትን ነው የወሰደው፤ መልኩ ያስቃል እንጂ ጨርቁ ሙሉ ነው። እንደኔ ማለት ነው። ወንድ ይሁን ሴት ንስር ታውቃለች፣ እንዳትነግሪን ብለናት በየቀኑ እየሳቀች ታልፈናለች።

ያንቺም ደም ደርሷል። በሕጉ መሠረት የዘመዴን እኔ ማየት ስለሌለብኝ ንስር ናት የሠራችው። ውጤቱን እኔ በደብዳቤ እንድነግርሽ ፈቃድሽን ለሐኪሙ ሰጥተሻል ስለተባልኩ እጽፍልሻለሁ። እቴቴ፣ አንቺም ጋ አለ። ያው ረጅሙ፣ ያው አጭሩ፣ ያው ቦታ ላይ። ከአያቶቼ ከአንደኛቸው ላንቺና ለአባዬ፣ ከአባዬ ለኔ፣ ከኔ አሁን ለሚመጣው።

ስለዚህ ይሄን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። እነዚያ ሦስቱ በመርገጥሽ አይደለም የሄዱት። በእርግጥ እያንዳንዱን ማየት አንችልም፣ ጊዜው አልፏል። ግን እኔ ሳልረግጥ የሆነብኝ ነው አንቺም ላይ የሆነው። ሲካፈል የጎደለው ደርሷቸው ነው፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ብትውዪም ያው ነበር። እንጀራሽን ለማግኘት ስትሠሪ ልጆችሽን አልገደልሽም። ይሄን ቃል ማንም ስላልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። መኪናዋም አላጠፋችም፣ አንቺም አላጠፋሽም።

ጢኒጥሽ


የካቲት 5

ለጢኒጥ፣

አነበብኩት። ቀስ ብዬ።

ጋሼሽም እንዲያነበው ሰጠሁት። አንብቦ አጥፎ መለሰልኝና ወደ ሳይክሎቹ ወጣ፣ አንድ ጎማ ሲነፋ ሲነፋ ሲነፋ ቆየ። ኋላ ገብቶ ትከሻዬን ያዘና «በይ፣ እራት እንብላ» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነበርኩ በየቀኑ ለራሴ ስለው የኖርኩት። ባትነግሪኝ ኖሮ ይዤው እቀበር ነበር።

መጋረጃውን ገና አልገለጥኩም። አእምሮዬ አምኗል፣ እግሬ አላመነም። እግር ዘግይቶ ነው የሚሰማው። የልጅሽን ድምፅ ይስማና እናያለን።

ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ ሁልጊዜ ስለ ክፉ ዐመል ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው የኛ ዘር የሳበው ስርጉዱንና ይሄን ቅይጥ ሱሪ ነው። ከዚህ የባሰ የሚስብም አለ፤ ደህና ነን።

ጠበቅ አድርገሽ ብዪ።

አክስትሽ


ሰኔ 1

ለእቴቴ፣

መጣች!

አጭር ነው የምጽፈው፣ በአንድ እጄ ስለሆነ። ሌላው እጄ ላይ ተኝታለች። ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ጣቶቿን ባለቤቴ ቆጥሮ ይጨርስና አላምን ብሎ እንደገና ይቆጥራል። ንስር ሆስፒታል መጥታ «እኔ እኮ ከጥር ጀምሮ አውቅሻለሁ» አለቻት። ስታዛጋ በግራ ጉንጯ ላይ ምን ብቅ እንደሚል ገምቺ። እማዬ አይታ «የአባትሽ!» ብላ አለቀሰች። እኔ ያንቺ ነው አልኳት፣ አሁን በዚህ እየተጨቃጨቅን ነው።

ስታድግ ስለ ተቀያየሩት ክሮሞሶሞቿ ከኔ ከራሴ ትሰማለች፣ ገና ሳትጠይቅ። ማንንም ሳትጠላ፣ ራሷንም ሳትጠላ እንድታውቀው።

እሷ ስትተኛ እኔ እጄን የማፍታታበት ሥራ አጣሁ። ስለዚህ የአምናውን ጥያቄ ደግሜ ልጠይቅሽ ነው። አሁንስ መኪናዋን ትልኪልኛለሽ?

ጢኒጥሽ


ሰኔ 15

ለጢኒጥና ለጢኒጥ ልጅ፣

እልል! ደብዳቤሽን ሱቅ መሐል ቆሜ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ልኳን ሊያስለካ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሳይቀር አጨበጨበ። በስርጉዱ ከእናትሽ ጋር አልጨቃጨቅም፤ የኔ እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

የዚያኑ ዕለት ሱቁን ዘጋሁና መጋረጃውን ገለጥኩ። ጨርቁን ሳነሣው አቧራ ጠብቄ አፍንጫዬን ይዤ ነበር፣ አቧራ የለም። ዝገት ጠበቅሁ፣ ዝገትም የለም። ጎማዋን በእጄ ገፋ ባደርጋት ትናንት ሥራ ላይ እንደዋለች መኪና ዞረች፣ ድምፅ እንኳ አላሰማች። በስብሷል ያልኩሽ ቺንጋ አዲስ ነው፣ ከሳይክል ጠጋኝ ቤት የሚገኝ ዓይነት ቆዳ። ዞር ስል ጋሼሽ በሩ ላይ ዘይት መንቆርቆሪያውን ይዞ ቆሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከሸፈንሻት ጀምሮ» አለኝ። «አንቺ ገበያ ስትሄጂ እቀባታለሁ። ቅጣቱ አንድ ቀን ይበቃታል ትያለሽ ብዬ።»

ወንበሩን ሳበልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ መርገጫው ላይ እግሬን አሳረፍኩ። ከዚያ ረገጥኩ። ጢኒጥ፣ ያን ድምፅ እንዴት ናፍቆኝ ነበር! ጋሼሽ ዘይቱን እንደያዘ እዚያው በሩ ላይ ሆኖ አለቀሰ፣ ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው እንባውን ይደብቃል ብለሽ አትጠብቂ። ቀጭኗ ሰፊዬም ልጇን አዝላ መጥታ «እማማ፣ እንግዲህ ሕጉ ፈረሰ?» አለችኝ። ፈርሷል አልኳት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ጥቅል የልጅሽ ነው። ስድስት ቀሚስ፣ ሁለት ኮፍያ፣ አንድ ብርድ ልብስ። በየጎናቸው ብዙ ትርፍ አለ፣ ስታድግ እየተረተርሽ አስፊላት። አንደኛውን ቀሚስ ለሳቅ ብዬ እጅጌውን ከሌላ ጨርቅ፣ ጫፉን ደግሞ ከሌላው ቀጥዬዋለሁ። አይተሽ ትረጂዋለሽ፣ ሙሉ ነው።

መኪናዋን ግን አሁንም አልልክልሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እየሠራሁባት ነው።

አክስትሽ